ወደ ግድግዳ የዞረ ወንበር

ባለቤቴ መኩሪያ ካረፈ ዓመት ከመንፈቅ ሊሆነው ነው። ጥቁሩን ገና አላወለቅሁም። ባለፈው ክረምት ማብቂያ፣ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ የስፌት መኪናዬን ዘይት ቀብቼ፣ ክሩን ከላዩ ፈትቼ፣ በአሮጌ ነጠላ ሸፈንኩት። መኪናውን የተሰናበትኩት ያን ቀን ነው። ልጄ ሊዲያ «ጀስት ራይት ኢት ዳውን፣ ማም» ትለኛለች። ቀስ እያልኩ እጽፋለሁ። አንዳንድ ቀን ከሁለት መስመር አያልፍም።

ሥራሽ ምን ነበር ለሚለኝ «ልብስ ሰፊ» እላለሁ። በቤተ ክርስቲያን የሚያውቁኝ የሀበሻ ቀሚስ ይመስላቸዋል። አይደለም። ሕንድ ውስጥ ራጃስታን የሚባል የበረሃ አገር አለ። የዚያ አገር ሴቶች ሲጨፍሩ የሚለብሱትን ቀሚስ ነው ዕድሜዬን የሰፋሁት፤ እዚሁ ሚኒያፖሊስ፣ ውጭ በረዶ እየጣለ። አንድም ቀን ያን በረሃ አላየሁትም። ቀሚሱን ግን ዓይኔን ጨፍኜ እቆርጠዋለሁ።

ወደዚህ አገር እንደመጣን የመጀመሪያ ሥራዬ አየር ማረፊያው አጠገብ ባለ ሆቴል፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነበር። መኩሪያ ታክሲ ይነዳል፣ እኔ አንሶላና መጋረጃ አጥባለሁ። የሆቴል መጋረጃ ከባድ ነው። ከግርጌው፣ በቅምቅማቱ ውስጥ፣ ትንንሽ የእርሳስ ፍሬ የተሰካበት ገመድ አለው፤ ጨርቁ ወደ ታች ቀጥ ብሎ እንዲንጠለጠል ነው። ያን ጊዜ ብልሃቱ ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ክሪስታል በምትባል አጎራባች ከተማ፣ ሎንግ የሚባል ቬትናማዊ ልብስ ጠጋኝ ቤት ገባሁ። ሱሪ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር፣ ኮት ማጥበብ። ሎንግ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን መርፌ በከንፈሩ ይዞ ስለሚናገር የሚለውን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ካምላ ጂን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። «ጂ» ከስም ኋላ የሚገባ የአክብሮት ቃል ነው፤ እንደ እኛ «እትዬ» ያለ። ቀጭን ሴት ነበሩ፤ ጀርባቸው እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ፣ ነጭ ለባሽ፣ በእጃቸው አንድ አምባር እንኳ የሌለ። የተቀደደ ቀሚስ በሁለት እጃቸው ታቅፈው ገቡ።

ሎንግ ገልጦ አየና «ይኼ ድንኳን እንጂ ቀሚስ አይደለም» አለ።

እኔ ወለሉ ላይ ዘረጋሁት። ቀሚሱ ክብ ሆነና የሱቁን ወለል ሞላው። ከብዙ ጠባብ ቁራጮች የተጋጠመ ነው፤ እያንዳንዱ ከላይ ጣት፣ ከታች ስንዝር ያህላል። አንዱ ቁራጭ ቀድሞ በሌላ ሰው ተቀይሯል፤ የቀየረው ሰው የጨርቁን አቅጣጫ አልጠበቀም። እሱ ነው ጎረቤቱን ስቦ የቀደደው። ይህንኑ በጣቴ አሳየኋቸው።

«ማን አስተማረሽ?» አሉኝ በእንግሊዝኛ። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ስብርባሪ ነበር።

«አዲስ አበባ፣ የስፌት ትምህርት ቤት።»

«እዚያ ይኼን ያስተምራሉ?»

«እዚያ ጨርቅ ያስተምራሉ።»

ሳቁ። በሳምንቱ ተመልሰው ለጭፈራ ትምህርት ቤታቸው እንድሰፋ ወሰዱኝ። ሎንግ እስከ ዛሬ ካምላ ጂን «ሌባዋ» ይላቸዋል።

ትምህርት ቤቱ ፊሊፕስ ሰፈር፣ አንድ የሶማሌ ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ፎቅ ላይ ነበር። የእንጨት ወለል፣ የሚንኳኳ የማሞቂያ ቧንቧ፣ ጥግ ላይ የእኔ መኪና። ክፍያው ከሎንግ ብዙም አይሻል ነበር፤ ኢንሹራንሱም በመኩሪያ በኩል ነበር። ቢሆንም ተቀምጬ አገር ተማርኩ። ምድራቸው አሸዋና እሾህ ብቻ ስለሆነ ቀለሙን ሁሉ ልብሳቸው ላይ ያደርጉታል። አንዱ ጭፈራቸው የእባብ አጫዋቾች ነው፤ ቀሚሱ ጥቁር ሆኖ በመስታወት ያብረቀርቃል። አንዱ በራስ ላይ እሳት የሚነድበት የናስ ማሰሮ ተሸክሞ የሚጨፈር ነው። የሁሉም እናት ግን ጉማር የሚሉት ነው፤ ሴቶች ክብ ሠርተው በቀስታ የሚዞሩት፣ ሙሽራም ባሏ ቤት ስትገባ የምትዞረው። ጉማር ላይ ዋናው ነገር የቀሚሱ መነሣትና መውደቅ ነው።

መነሣቱ ቀላል ነው፤ ማንኛውም ሰፊ ጨርቅ ሲዞር ይነሣል። ከባዱ መውደቁ ነው። ከግርጌው በውስጥ በኩል አራት ጣት የሚሆን ወፍራም ጥጥ ይደረብበታል፤ ከላይ የወርቅ ጥብጣብ ይሰፋበታል። ጥጡ ከቀጠነ ቀሚሱ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ከወፈረ ይጎትታል። ይህን በሜትር መለካት አይቻልም። ካምላ ጂ የሚለኩት በጆሮ ነበር። አዲስ ቀሚስ ሲያልቅ አንዷን ልጅ ያለብሱና ወንበራቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ። «ዙሪ» ይላሉ። ቀሚሱ ሲነሣ እህል በሰፌድ ሲበጠር የመሰለ ድምፅ አለው። ልጅቱ ስትቆም አንዴ «ቷ» ብሎ እግሯ ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ድምፅ ከተሰማ «ፍቺው» ይሉኛል፤ እፈታዋለሁ።

«ቀሚስ ሴቲቱን ይከተላል። አይቀድማትም» ይሉ ነበር። «ስትቆም ይቆማል።»

እሳቸው ራሳቸው ግን አይዞሩም። አንድም ቀን ሲዞሩ አላየሁም። እርምጃውን የሚያስተምሩት በሁለት ጣታቸው ጠረጴዛ ላይ እየተራመዱ ነው። ልጆቹ በልምምድ ልብስ ሲሆኑ ቆመው እጅና እግራቸውን ያርማሉ፤ ሙሽራ የምትለብሰው የጉማር ቀሚስ ሲለበስ ወደ ግድግዳ ይዞራሉ። እኔ ጆሯቸው እንዳይዘናጋ ብለው መሰለኝ። ብዙ ጊዜ እንዲያ መሰለኝ።

የጠየቃቸው መኩሪያ ነው። ማታ ማታ ሺፍቱን ሲጨርስ ሊወስደኝ ይመጣና በሩ ላይ ተደግፎ ያያል።

«አስኩ፣ እነዚህ ሰዎች ትከሻ የላቸውም እንዴ?» አለኝ አንድ ቀን።

«ቀስ በል፣ ይሰሙሃል።»

«በአማርኛ ነው እኮ የማማው። እኛ ትከሻችንን፣ እነሱ ቀሚሳቸውን። ብንደመር አንድ ሙሉ ሰው እንወጣለን።»

ካምላ ጂ ምን አለ ብለው ጠየቁኝ፤ ተረጎምኩላቸው። ከልባቸው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸውም «አስኩ» ይሉኝ ጀመር። መኩሪያ ሳቃቸውን አይቶ ደፈረና «ለምን ወደ ግድግዳ ይዞራሉ?» አላቸው።

«ባሌ የሞተብኝ በሃያ አራት ዓመቴ ነው» አሉ፣ ሌላ ቀላል ነገር እንደሚናገር ሰው። «በእኛ ቤት ባል የሞተባት ሴት ዕድሜ ልኳን ነጭ ትለብሳለች፤ አትዞርም። ሙሽራ ስትዞርም ዓይኗን አትጥልባትም። ክፉ ነገር ይጋባል ይባላል።»

«እነዚህ ልጆች ናቸው እንጂ ሙሽሮች አይደሉም።»

«ነገ ይሆናሉ።»

መኩሪያ መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ «ዕድሜ ልክ!» አለ።

ካምላ ጂ አንድ ወንድ ልጅ ነው የነበራቸው፤ ወደ ሚኒሶታ ያመጣቸውም እሱ ነው። የልጅ ልጃቸው ታራ እኔ ሥራ ስጀምር ከመኪናዬ ሥር ገብታ ቁርጥራጭ የምትለቅም ሕፃን ነበረች። «አስካለ አንቲ» ትለኛለች። በአሥራ አምስት ዓመቷ ከሁሉም በልጣ ወጣች። በዚያ ዓመት ሴንት ፖል ውስጥ፣ በትልቅ አዳራሽ፣ ከማሰሮው ጋር ብቻዋን እንድትጨፍር ተመረጠች። ካምላ ጂ ወንድማቸው ሞቶ ወደ አገራቸው ሄደው ነበር።

ታራ መጥታ «አንቲ፣ አዳራሹ ትልቅ ነው፤ ከኋላ የሚቀመጡት አያዩኝም። ከፍ ይበል፣ ፕሊስ» አለችኝ።

ያን ጊዜ የሆቴሉ መጋረጃ ትዝ አለኝ፤ ግርጌው ከከበደ ሲዞር ጨርቁን ወደ ውጭ ይወረውረዋል አልኩ። የእርሳስ ፍሬ ያለውን ገመድ ገዝቼ በቅምቅማቱ ውስጥ ዙሪያውን አስገባሁት። በልምምድ ላይ ታራ ማሰሮውን ሳትሸከም ዞረች። ቀሚሱ እስከ ወገቧ እንደ ሰሐን ተዘረጋ። ልጆቹ ጮሁ፣ እኔም ተደሰትኩ። ቀስ ብላ ስለቆመች ሌላውን ነገር አላየነውም። ወደ ግድግዳ ዞሮ የሚሰማም አልነበረም።

በትዕይንቱ ቀን ማሰሮው ራሷ ላይ፣ እሳቱ እየነደደ፣ ከበሮው እየፈጠነ ዞረች። ከበሮው ድንገት ቆመ፤ እሷም ቆመች። ቀሚሱ አልቆመም። እርሳሱ ዙሩን ቀጠለ፤ ጨርቁ እግሮቿ ላይ እንደ ገመድ ተጠመጠመ፤ አንዱ ጉልበቷ ወደ አንድ በኩል፣ ገላዋ ወደ ሌላ በኩል ሄደ። ማሰሮው ወደቀ። መኩሪያ ከተቀመጠበት ዘሎ ካፖርቱን እሳቱ ላይ ጣለና ልጅቱን አንሥቶ ወጣ። ሆስፒታል የደረሰችው በእሱ ታክሲ ነው። እሳቱ አልነካትም። ጉልበቷን ግን ሐኪሞቹ ሁለት ጊዜ ቀደዱላት፤ መጨፈር ይቅርብሽ አሏት።

ካምላ ጂ ሲመለሱ ቀሚሱን አምጪ አሉኝ። መሬት ላይ ቁጭ ብለው ቅምቅማቱን በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ ዙሪያውን ዳሰሱት።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«የመጋረጃ ነው።»

«መጋረጃ አይዞርም፣ አስኩ» አሉ።

ሌላ ቃል አልተናገሩኝም። አላባረሩኝም። ሌላ ሰው ሲጠይቃቸው «ወደቀች» ብቻ ይላሉ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ታራም አልተቀየመችኝም፤ ግን ወደ ፎቁ መውጣት ተወች። ደረጃው ያማታል ይሉ ነበር፤ የደረጃው ነገር ብቻ አልመሰለኝም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት ወደ ታች የሚሄዱ ናቸው። የፊሊፕሱ ሕንፃ ኪራይ ጨመረና ትምህርት ቤቱ ከከተማው ውጭ ወዳለችው ዉድበሪ፣ ወደ አንድ ጠባብ ክፍል ተዛወረ። እናቶች ቀሚስ በስልካቸው ማዘዝ ጀመሩ፤ የሚመጣው ናይለን ነው፣ ሲዞር እንደ ፌስታል ይንኮሻኮሻል። ካምላ ጂ ዘመኑ እንደሚቀየር አስቀድመው አይተው ነበር። እኔም የሚጠገን ሲኖር እጠግናለሁ።

በመካከሉ የመኩሪያ ኩላሊት ደከመ። በሳምንት ሦስት ቀን ዳያሊሲስ እወስደዋለሁ። እሱ ማሽኑ ላይ ተኝቶ እኔ ከጎኑ ጥብጣብ በእጄ እሰፋለሁ። ነርሷ ለማን ነው ስትለው «ለእኔ ነው፤ ስድን እጨፍርበታለሁ» ይላታል። መጀመሪያ ትስቅ ነበር። መጨረሻ ላይ መሳቅ ተወች፤ እሱ ግን መናገሩን አልተወም። አንድ ማለዳ አልነቃም።

ካምላ ጂ ለቅሶ መጡ። ሁሉም ጥቁር ለብሶ በተቀመጠበት ነጭ ለብሰው ገቡና ከእኔ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሴቶቹ በዓይናቸው ተጠያየቁ። በጆሮዬ «መቼ ታወልቂዋለሽ?» አሉኝ፣ ቀሚሴን ነክተው።

«በዓመቱ።»

«ዓመት ብቻ?» አሉ። «ደጎች ናችሁ።»

ከወራት በኋላ ታራ በሬን አንኳኳች። አሁን ትልቅ ሴት ናት፤ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ልታገባ ነው።

«አንቲ፣ ሠርጌ ላይ ጉማር እዞራለሁ» አለችኝ።

«ጉልበትሽስ?»

«ጉልበቴን እኔ አውቃለሁ። ቀሚሱን አንቺ ታውቂያለሽ። ሌላ ሰው ከሰፋው አልለብሰውም።»

«ታራ፣ እኔ ነኝ እኮ የጣልኩሽ።»

«ለዚያ ነው የመጣሁት» አለች።

ልብሴን አሳየኋት። በእናንተ ዘንድ ሐዘንተኛ የሙሽራ ልብስ አይነካም አይደል ወይ አልኳት። «ዳዲን ጠይቄያለሁ» አለች፤ አያቷን ማለቷ ነው። «ጨርቅ የማን እጅ እንደነካው አያውቅም፣ የሚያውቀው ሰው ነው አለችኝ።»

ሰፋሁት። ለዚያ ጉልበት በፍጥነት ሳትዞር የሚነሣ ቀሚስ ነበር የሚያስፈልገው። ቀላል ጨርቅ መረጥኩ፤ ቁራጮቹን ቀነስኩ፤ ቀላል ጨርቅ ግን በሰዓቱ አይወድቅም። የግርጌውን ጥጥ አራት ጣት አደረግሁት፣ ፈታሁት፤ ሦስት አደረግሁት፣ ፈታሁት። ሁለት ጣት ላይ ሲደርስ ሊዲያን ልበሺው አልኳት። ሶፋውን ገፋን። እኔ ወንበሬን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

«ማም፣ ኣር ዩ ኢቭን ዋቺንግ?»

«እየሰማሁ ነው። ዙሪ።»

ዞረች። ሰፌዱን ሰማሁት። ቆመች፤ «ቷ» አለ። ከዚያ ሁለተኛ ድምፅ መጣ። አሁንም ልፈታው ነው ብዬ ስዞር ሊዲያ በአባቷ ፎቶ ፊት አፏን ይዛ እያለቀሰች ነው። ቀሚሱ ጸጥ ብሏል። ድምፁ የእሷ ነበር።

ካምላ ጂ ከሠርጉ በኋላ ብዙ አልቆዩም። በኃይለኛው ብርድ ወር ሳንባቸው ታመመና አረፉ፤ ትምህርት ቤቱም አብሮ ተዘጋ። የእኔ ሥራ ግን ያለቀው ያን ጊዜ አይደለም፤ በሠርጉ ዕለት ነው።

ሊዲያ «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ጎ» ብላኝ ነበር። ሄድኩ። ዉድበሪ ውስጥ ያለ አዳራሽ ነው። ካምላ ጂ ከኋላ ጥግ ላይ ሁለት ወንበር ወደ ግድግዳ አዙረው አንዱ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

«አስኩ፣ ዛሬ ወንበርሽ እዚህ ነው» አሉኝ፣ በእጃቸው እየጠረጉልኝ።

ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ ነጭ ግድግዳና አንድ የኤሌክትሪክ ሶኬት አለ። ይህን ስንት ዓመት አዩት ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ከበሮው ተጀመረ፤ ወለሉ ነዘረ፤ ሴቶቹ እልል አሉ።

ካምላ ጂ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ምነው ዘገዩ? አልጀመሩም እንዴ?» አሉኝ።

መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። ፊታቸውን አየሁት። አልቀለዱም።

«ጆሮዎ አልሰማ ያለው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩ፣ አፌን ወደ ጆሯቸው አስጠግቼ።

«ቆየ።»

«ታዲያ ቀሚሶቼን እንዴት ይሰሙ ነበር?»

«ቆይቼ ዞሬ ፊትሽን አያለሁ። ደህና ሲሆን ትተነፍሻለሽ።»

ወንበሬን አንሥቼ ወደ አዳራሹ አዞርኩት። ክንዴን ያዙኝ። «አስኩ፣ ተይ።»

«የእኛ ሐዘን ዓይን አይከለክልም» አልኳቸው።

ታራ መሐል ላይ ነበረች፣ በቀይና በወርቅ። ቀኝ እጃቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ መዳፋቸውን ከፈትኩት፤ በሁለት ጣቴ መራመድ ጀመርኩ፣ እሳቸው ጠረጴዛ ላይ እንደሚያደርጉት። ታራ ወደ ግራ ስትሄድ ወደ ግራ። ስታጎነብስ ጣቶቼን አጎነበስኩ። መዞር ስትጀምር መዳፋቸው ላይ ክብ አደረግሁ። ቀሚሱ ሳይቸኩል ተነሣ። በሁለተኛው ዙር ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ ጣቴም ተንቀጠቀጠ፤ ካምላ ጂ እጄን ጨበጡኝ። ከበሮው ፈጠነ። እናቷ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ታራ ዞረች፣ ዞረች፤ ከበሮው ቆመ፤ ቆመች።

ጣቴን አቆምኩ።

«ቆመ?» አሉኝ።

«ቆመ» አልኩ፣ በጆሯቸው።

«ከእሷ ጋር?»

«ከእሷ ጋር።»

ትንፋሻቸውን ለቀቁ። አዳራሹ ይጮኻል፤ እሳቸው ግን ግድግዳውን እያዩ ናቸው።

«አሁን ወደ ማን ታያለች?»

ታራ እናቷንም ባሏንም አላየችም። «ወደ እርስዎ» አልኩ።

«ፊቴ አይታያትም።»

«ጀርባዎን ነው የምታየው።»

እጃቸውን ከእጄ አወጡና ነጩን መጎናጸፊያቸውን በትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። ሁለቱን መዳፎች ጉልበታቸው ላይ አኑረው እንደ ጀማሪ ልጅ አገጫቸውን ቀና አደረጉ። ጀርባቸው ከጎበጠ ዓመታት አልፈውታል፤ ያን ቀንም የቻሉትን ያህል ቢስቡት ከወንበሩ መደገፊያ በላይ አልወጣም።

«ጀርባዬ ቀጥ ብሏል?» አሉኝ።

«ቀጥ ብሏል» አልኳቸው።